ባለመሐላውን እንደገና የሠራሁ ጊዜ

ነገሩ የጀመረው በንዴት ነው። በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ፣ ከአንድ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለች መጋዘን ተሰብስበን የምንጫወተው ጨዋታ አለ። በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንድ ዓይነት ሰው አለ፤ ብረት ለባሽ፣ ፈረስ ጋላቢ፣ ኃይሉን ሁሉ ከመሐላው የሚያገኝ። እኛ ባለመሐላው እንለዋለን። ታዲያ ይህ ሰው መሐላውን ሲያፈርስ ምን ይሆናል ብዬ መጽሐፉን ባገላብጥ፣ «ይጸጸታል» ከሚል አንድ መስመር በቀር ምንም አጣሁ። አባቴ ባደገበት አገር በሐሰት የማለ ሰው ተጸጽቶ ወደ እራቱ አይሄድም። መጽሐፉን ዘጋሁና ይህን ሰው እኔ ራሴ እሠራዋለሁ አልኩ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያደክማል፤ ግን ልሞክር። ሰሌዳ የለውም፣ አሸናፊም የለውም። አራት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዷ ተራኪ ናት፤ እሷም እኔ ነኝ። «ወንዝ ዳር ደርሳችኋል፣ ድልድዩ ተሰብሯል» እላለሁ። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይሆናሉ፤ አንዱ ባለመሐላ፣ አንዱ ሌባ፣ አንዷ ፈዋሽ። ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ ይሳካላቸው እንደሆነ ደግሞ ብዙ ገጽ ያለው ዳዶ ይጣላል። በመንገዳቸው ለሚያገኙት ሰው ሁሉ፣ ለንጉሡም ለለማኙም፣ የምናገርለት እኔ ነኝ። ስለዚያ ዓለም የፈለጉትን ይጠይቁኛል። የንጉሡ ሚስት የማን ልጅ ናት፣ ገደሉ ሥር ምን አለ ይላሉ፣ እኔም ወዲያው እመልሳለሁ። ተራኪ ካመነታች ዓለሙ ይፈርሳል። ስለዚህ ጥያቄ ሲመጣ አፌ ከሐሳቤ ይቀድማል። ልማድ ሆኖብኝ መንገድ ላይ የማላውቀውን ሰፈር የሚጠይቀኝን ሰው እንኳ «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ብዬ ልኬ አውቃለሁ።

መጋዘኗ የነጋዴው ናት። እሱ የስልጤ ልጅ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ጭነው አርባ ምንጭ የገቡት እኛ ሳንወለድ ነው። በገበያው ሜትር የማያጎድል የሚባል ሰው፣ እሑድ እሑድ ሌባ ሆኖ ይጫወታል። «ሳምንቱን ሙሉ ሐቀኛ መሆን ደከመኝ» ይላል። ፈዋሿ በእውነትም ነርስ ናት፤ በጨዋታው ቁስል ሁሉ በጸሎት ብቻ ሲድን ትበሳጫለች። ባለመሐላውን የሚጫወተው የሒሳብ መምህር ነው። ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ከአራት ዓመቷ ሴት ልጁ በቀር በምንም ነገር የማይኮራ ሰው። ዳዶ ተጥሎ ገና ሳይቆም ዕድሉ ስንት እንደሆነ ይነግረናል። እኔ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ የሠርግ ጥሪና የንግድ ቤት ማስታወቂያ እሠራለሁ። የጨዋታውን መጽሐፍም አትሜ የጠረዝኩት እኔ ነኝ።

ባለመሐላውን ለመሥራት ከአርባ ምንጭ በላይ ደጋው ላይ ወዳለችው ጨንቻ ወጣሁ። የአባቴ ታላቅ ወንድም የሚኖረው እዚያ ነው፤ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ እንሰት በከበበው ቤት ውስጥ። ሰዎች ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ከብት ሲጠፋ የሚጠሩት ሽማግሌ ነው። አማርኛን ካደገ በኋላ ስለተማረ ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ይላል፤ የእኔ ጋሞኛ ደግሞ ከሰላምታ አያልፍም። እሳት ዳር ተቀምጠን ስለ መሐላ ጠየቅሁት።

«ለምን ፈለግህ?» አለኝ።

«ለጨዋታ ነው አባባ።»

 የወንድሙ ልጅ ስለሆንኩ እምቢ ማለት ከብዶት ይመስለኛል፣ ነገረኝ። ሰው ሲምል እርጥብ ሣር ይይዛል። ቃሉንም በጋሞኛ እየደጋገመ አስጠናኝ። በሐሰት ከማለ ጎሜ ይሆናል፤ ጎሜ ማለት የተጣሰ ነገር ነው፣ የጣሰውን ሰው ተከትሎ ቤቱ የሚገባ። «እሱን ራሱን አይነካም» አለኝ። «እሱን ቢነካ ቀላል ነበር። የሚወደውን ነው የሚነካ። ከብቱን፣ ዘሩን፣ ልጁን።» የሚዘጋበት መንገድም አንድ ብቻ ነው። የተበደለው ሰው ከነቤተሰቡ ተጠርቶ ይቀመጣል፣ በዳዩ ጥፋቱን በአፉ ይናገራል፣ ከተበዳዩ ቤት ያሉት ሁሉ አንድ በአንድ «ይሁን» ይላሉ። አንድ ሰው ከጎደለ አልተዘጋም።

«መክፈቻና መዝጊያ አብሮ ነው የሚሄድ» አለኝ ልሄድ ስነሣ። ውጭ ጭጋጉ ወርዶ አጥሩ አይታይም ነበር።

እንዲህ ያለ ደንብ ጨዋታ ለሚሠራ ሰው ወርቅ ነው። ወደ ታች ስወርድ በሚኒባሱ ውስጥ ስልኬ ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ባለመሐላዬ ብረቱን አወለቀ፣ ፈረሱን ተወ፣ ቡሉኮ ደረበ። ኃይሉ ከቃሉ ነው፤ በማለ ቁጥር ይታመናል፣ በር ይከፈትለታል፣ የተሰበቀ ጦር ይወርድለታል። በሐሰት ከማለ ግን ተራኪዋ ዳዶ ትጥልና ቤቱን ምን እንደሚነካው ከሠንጠረዥ ታነብለታለች። ሠንጠረዡ ከማሳው ጀምሮ በጣሪያው፣ በጎተራው፣ በላሙ እያለ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ፣ አሥራ ሁለተኛው መስመር ላይ፣ «ልጁ ይታመማል» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደንቡ ጥርስ አወጣ አልኩ።

መዝጊያውንም ሞክሬው ነበር። አንድ እሑድ ለሙከራ ስንጫወተው የተበዳይን ዘመድ አንድ በአንድ መጥራቱ ከሰዓቱን ሙሉ በላው፣ ነጋዴው ጨርቅ ላይ ተደግፎ አንቀላፋ። ጨዋታ መፍጠን አለበት ብዬ ከደንቡ አወጣሁት። ጨዋታ ሲሠራ የሚያዘገየው ይቆረጣል፣ የሚያስፈራው ይቆያል። ከሦስቱ አንዳቸውም ተቃውሞ አላሰሙም።

የመጀመሪያው እውነተኛ ጨዋታ ቀን ወደ መጋዘኗ ስሄድ በኩልፎ ወንዝ በኩል ዞሬ ከሙዝ እርሻው ቦይ ዳር እርጥብ ሣር ቆርጬ ያዝኩ። ለማሳመር ነው፤ ሰው የሚነካው ነገር ሲያገኝ ታሪኩ ውስጥ ቶሎ ይገባል። አጎቴ ያስጠናኝን ቃልም ለመምህሩ አስጠናሁት። ነጋዴው ሣሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሣር ነው። ዛሬ መሐላ አለ።»

«እኔ በጨዋታ አልምልም» አለ። በቀን ስንት ጊዜ ወላሂ የሚል ሰው ነው። «ወላሂ አልምልም።»

ሳቅንበት። እሱ ግን ሣሩን ሳይነካ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

ታሪኩ ቀላል ነበር። መንገደኞቹ የሚፈልጉት ዕቃ የተቀበረው በአንዲት ባልቴት የእንሰት ጓሮ ሥር ነው። እሷ ደግሞ ከዚያ ጓሮ በቀር ምንም የላትም። ለባልቴቷ የተናገርኩላት እኔ ነኝ፤ ድምፄን ቀስ አድርጌ፣ ዓይኔን መሬት ላይ ጥዬ። «እንሰቴን አንነቅልም ብላችሁ ማሉልኝና ግቡ» አልኩ። መምህሩ ተነሣ። ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ ያስጠናሁትን ቃል በጋሞኛ፣ አንድም ሳይሳሳት ማለ። ድምፁ ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ከሚያወጣው ድምፅ ሌላ ነበር። ነርሷ መሣቅ ጀምራ ተወችው። ባልቴቷ በሩን ከፈተች፣ እነሱም ገብተው እንሰቱን ከሥሩ ነቀሉት። መምህሩ ዓይኑ ያበራ ነበር፤ በጨዋታው ሁልጊዜ ጻድቅ መሆን ሰልችቶት ኖሯል።

ዳዶውን ጣልኩ። አሥራ ሁለት ወጣ።

«ልጁ ይታመማል» ብዬ አነበብኩ።

 ነርሷ ናት ቀድማ የተናገረችው። «ይሄን መስመር አውጪው» አለችኝ። «ሌላ ነገር ይንካ። ላሙን ይንካ።»

«ዳዶ አይለመንም» አልኩ። ደንብ ያወጣ ሰው ደንቡን ማስከበር አለበት ብዬ አምናለሁ፤ አሁንም አምናለሁ፣ ያን ቀን ባላምን ግን ይሻለኝ ነበር። መምህሩ ራሱ ሳቀ። «ከአሥራ ሁለት አንድ ነው» አለ። «ይደርሳል።»

በዚያው ሳምንት የመምህሩን ልጅ አተኮሳት። አርባ ምንጭ ላይ ልጅ አተኮሰው ማለት ወሬ አይደለም። ቆላ ነው፣ ወባ አለ፤ ዝናብ ቆሞ ውሃው በየቦዩ ሲተኛ በየቤቱ አንድ ሰው ይተኛል። ተመረመረች፣ ወባ ነው ተባለ፣ መድኃኒት ጀመረች፣ ትኩሳቱ ወረደ። ተመስገን አልን። መድኃኒቷን ሳትጨርስ ትኩሳቱ ተመልሶ ወጣና ሆስፒታል ተኛች። ነርሷ ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደዚያ ትሄድ ነበር። «አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል፣ ሌላ መድኃኒት አለ» አለችኝ ስደውልላት። ድምፅዋ ግን እሑድ እሑድ የማውቀው ድምፅ አልነበረም።

መምህሩን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በጣቱ ጉልበቱ ላይ የማይታይ ቁጥር ይጽፋል።

«በዚህ ወቅት በዚህ ከተማ ልጅ የመታመሙ ዕድል ትልቅ ነው» አለኝ ሰላም ሳይለኝ። «ዳዶው ለብቻው ከአሥራ ሁለት አንድ ነው። ሁለቱ አይገናኙም። የማይገናኙ ነገሮች ባንድ ሳምንት ሊወድቁ ይችላሉ። ይህን ነው የማስተምረው።»

«አዎ» አልኩት።

«አይገናኙም አይደል?»

«አይገናኙም» አልኩ ወዲያው። ዓይኔን አየኝና ጣቱን ወደ ጉልበቱ መለሰ። አላመነኝም። ፈራሁ። ለልጅቷ ፈራሁ፣ ለእሱም ፈራሁ፤ ከሁሉ በላይ ግን ያልኩትን እኔ ራሴ እንዳላመንኩት ሳውቅ ፈራሁ።

በማግስቱ ባለቤቱ ማተሚያ ቤት መጣች። የጋሞ ደጋ፣ የዶርዜ ልጅ ናት፣ ገበያው አጠገብ ጸጉር ቤት አላት። ከዚያ ቀን በፊት ሁለታችን ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ደንበኛ ፊቴ ቆሞ እያየች አልጠበቀችም።

«ባሌን ምን አስማልሽው?»

«ጨዋታ ነው እኮ...»

«ጨዋታ መሆኑንማ ነገረኝ። ቃሉንም ነገረኝ።» ድምፅዋን አላነሣችም። «አባቴ ያን ቃል ሲለው ያየሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ነው፣ እሱም እየተንቀጠቀጠ ነው ያለው። ልጄ መድኃኒቷን ትውሰድ፣ ሐኪም ያለውን ሁሉ አደርጋለሁ። አንቺ ግን የከፈትሽውን ዝጊ።»

ከሄደች በኋላ ተናደድኩባት። ከተማ የኖረች፣ የመምህር ሚስት፣ እንዴት እንዲህ ታስባለች ብዬ በሆዴ ተሳደብኩ። ተሳድቤ ሳልጨርስ ግን ለአጎቴ እየደወልኩ ነበር። ሰው አላምንም የሚለውን ነገር ምን ያህል እንደሚያምነው የሚያውቀው ልጅ የተኛ ቀን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ወጣን። ነርሷ ከልጅቷ ጋር ቀረች። ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ በራሱ ፒካፕ ወሰደን፤ መምህሩ ከፊት፣ እኔና ባለቤቱ ከኋላ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው» አለ ነጋዴው መሪውን ይዞ። ትንሽ ቆይቶም «ላሚቱን የሠራናት ደግሞ እኛው ነን» አለ። ማንም አልሣቀም። ዝናብ ያወረደው ድንጋይ በየመታጠፊያው ተኝቷል፤ አንድ ቦታ ላይ የመንገዱ ግማሽ ወደ ገደሉ ወርዶ ግንድ ተጋድሞበት ነበር። ሁለቱ ሐይቆች ቁልቁል የሚታዩበት ቦታ ስንደርስ መምህሩ መኪናው እንዲቆም ለምኖ ወረደ፣ ነርሷ ጋ ደወለ። «ያው ናት» አለችው። ከዚያ በላይ ጭጋጉ ዋጠን፣ ነጋዴውም መብራት አብርቶ በእግር ፍጥነት ሄደ።

አጎቴ ሁለት ሽማግሌዎች ጠርቶ ይጠብቀን ነበር። ሣሩ መሬት ላይ ተዘርግቷል። መምህሩ ፊታቸው ተቀምጦ የሆነውን ሁሉ ተናገረ፤ ዳዶውን፣ ባልቴቷን፣ የተነቀለውን እንሰት። ሽማግሌዎቹ አልሣቁም፣ አልተገረሙምም። አንደኛው ብቻ፣ «እንሰቱ ለመፋቅ ደርሶ ነበር ወይስ ገና ነው?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ወደ እኔ ዞረ።

«ገና ነበር» አልኩ። «ልትተክለው ያዛወረችው አምና ነው።»

ሽማግሌው አንገቱን በሐዘን ነቀነቀ። አጎቴ ቀጠለ።

«የተበደለች ሴት የት አለች?»

«የለችም አባባ። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።»

«በአፏ የተናገረ ማነው?»

«እኔ።»

«እንግዲያ አለች» አለ። «ና፣ በሷ በኩል ተቀመጥ።»

ተነሥቼ ማዶ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ድረስ ነገሩ ሁሉ ለእናትየው ልብ ማሳረፊያ ነው ብዬ ራሴን እያባበልኩ ነበር። መምህሩ ተንበርክኮ እርጥቡን ሣር ሲዘረጋልኝ ግን ማባበሉን ተውኩ። እኔን አላየኝም። ያያት ባልቴቷን ነው። «እንሰትሽን ነቅያለሁ» አለ። «አምኜበት አልነበረም የማልኩት፣ ላታልልሽ ነው። ይቅር በይኝ። በልጄ አትያዢብኝ።» እንባው በአፍንጫው ጎን ይወርድ ነበር፣ አልጠረገውም። እኔም ድምፄን ቀስ አድርጌ «ይሁን፣ ትቼልሃለሁ» አልኩ። ከልቤ ነበር። ባለቤቱ በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ለምርቃት እጃቸውን አነሡ። አልቆ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ እዚያ ላይ አልቆ ስለነበር ነው።

«ልጅ አላት?» አለ አጎቴ፤ ለሥርዓቱ ያህል መጠየቅ አለበት።

የላትም ማለት ይቻል ነበር። ግን ጥያቄ ነው፣ ስለዚያ ዓለም የተጠየቀ ጥያቄ፤ አፌም እንደለመደው ቀደመ። ከአጎቴ ራስ በላይ ግድግዳው ላይ የልጁ ፎቶ ተሰቅሏል። የትምህርት ቤት ሸሚዝ ለብሷል። ደቡብ አፍሪካ ብሎ በሞያሌ በኩል ወጥቶ ወሬው የጠፋ የአጎቴ ብቸኛ ወንድ ልጅ ነው። ከገባን ጀምሮ ዓይኔ ከእሱ ላይ አልተነሣም።

«አንድ ወንድ ልጅ አላት» አልኩ። «ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አጎቴ አልተንቀሳቀሰም። ከጎኑ ያለው ሽማግሌ ያነሣውን እጅ ቀስ ብሎ ወደ ጭኑ መለሰ፣ ሁለተኛውም መለሰ። በር ላይ ቆሞ የነበረው ነጋዴ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ።

«አባባ፣ አሁን ነው የፈጠርኩት» አልኩ።  «ልጅ የላትም። ፎቶውን አይቼ ነው፣ አፌ ነው ያመለጠኝ።»

«ከወለድከው በኋላ?» አለኝ። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሮ ቃሉን እየለየ ነገረው። ከቤቷ አንድ ሰው ጎድሏል። ስለ ጎደለ ሰው ሌላ ሰው «ይሁን» አይልም። እናቱም ብትሆን አትልም፣ አባቱም ቢሆን አይልም። እዚህ ላይ ድምፁ ተሰበረና ጉሮሮውን ጠረገ። «በሕይወት ካለ ይመጣል። ከሞተም ወሬው ይመጣል። እስከዚያ ይጠበቃል።»

«እስከ መቼ?» አለች የመምህሩ ባለቤት።

«አላውቅም ልጄ» አላት። «እኔም እየጠበቅሁ ነው።»

ወደ አርባ ምንጭ መውረድ ጀመርን። ከጭጋጉ ወጥተን ሐይቆቹ ሲታዩ የመምህሩ ስልክ ጮኸ። ነርሷ ናት። አዲሱ መድኃኒት እየሠራ ነው፣ ትኩሳቱ ወርዷል፣ ልጅቷ ውሃ ጠይቃ ጠጥታለች። ባለቤቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ነጋዴው መኪናውን ጥግ አስይዞ አልሐምዱሊላህ አለ። እኔም በሳቅና በለቅሶ መሃል ሆኜ የመምህሩን ትከሻ ከኋላ ያዝኩት። እሱ ስልኩን እጁ ላይ አገላበጠው። «ወርዷል እንጂ ሄዷል አላለችም» አለ።

ልጅቷ ድና ወጣች። ባለመሐላዬን ከጨዋታው አወጣሁትና በመጽሐፉ ያለውን፣ ተጸጽቶ እራቱን የሚበላውን መለስኩት። የጻፉት ሰዎች ለምን በአንድ መስመር እንዳለፉት አሁን ይገባኛል። የሚጫወተው ግን የለም። መምህሩ መምጣት አቆመ፣ ነጋዴውም ወንበሩ ላይ የአቡጀዲ ጥቅል አስቀመጠበት። ሦስት ሆነን አንድ ሁለት እሑድ ሞከርን። አንድ ነገር በጠየቁኝ ቁጥር ማመንታት ጀመርኩ፣ እነሱም ታዘቡኝ፣ ከዚያ ተበተንን።

አንድ መላ ሞክሬ ነበር። መምህሩ ቤት ሄጄ፣ «እሑድ ና» አልኩት። «ተራኪዋ እኔ ነኝ። ልጁን አመጣዋለሁ፣ የእናቱን በር ያንኳኳል፣ ይሁን ይልሃል፣ ያልቃል።» ልጅቷ ወለሉ ላይ በቆርኪ ትጫወታለች። አባቷ እያወራን ግንባሯን በመዳፉ ነካ፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ነካ። ልጅቷ ለምዳዋለች መሰለኝ፣ ቀና ብላም አላየችው።

«የአጎትሽ ልጅ ካልመጣ እሱ አይመጣም» አለኝ። «አንድ ሰው ናቸው። ስትናገሪ ወዴት እንዳየሽ አይቻለሁ።»

ፍለጋ ጀምሯል። የልጁን ፎቶ ከአጎቴ ግድግዳ ላይ በስልኩ አንሥቶ ጆሃንስበርግ ሱቅ ላላቸው የነጋዴው ዘመዶች ልኳል። ሞያሌ ያሉ ሰዎች ጋ ይደውላል። በመንገድ ታስረው ከተመለሱ ልጆች አንዱ መጣ ሲሉት ከክፍል ወጥቶ ይሄዳል፣ ፎቶውን ያሳያል። ዕድሉ ስንት እንደሆነ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ባለቤቱ ገበያ ላይ ስታገኘኝ ሰላም ትለኛለች፣ እጇን ግን አትሰጠኝም። አጎቴ ደግሞ በዕድሜው ደውሎልኝ የማያውቀው ሰው፣ አሁን በየጊዜው እየደወለ «ያ መምህር ምን አገኘ?» ይለኛል። ልጄን ፈልግልኝ ብሎ ማንንም ለምኖ የማያውቅ ሽማግሌ ተስፋ አድርጓል። ያን ተስፋ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ስሰማው ያመኛል።

ዘንድሮም ዝናቡ ቆሞ ውሃው በየቦዩ ተኛ። ትናንት ጠዋት የሠርግ ጥሪ እያሰናዳሁ መምህሩ ደወለ።

«አተኮሳት» አለኝ።

«ነርሷ ጋ ደወልክ?»

«እየመጣች ነው። ሐኪም ቤት እንወስዳታለን።» ከኋላው ልጅቷ ስትነጫነጭ ይሰማኛል።  

«ልጁ ተገኘ?» አለኝ።

ከአጎቴም ሆነ ከማንም ምንም ወሬ አልነበረኝም። የምሰማው ግን የመምህሩን ትንፋሽ ነው፤ ደረጃ ሲወጣ የዋለ ሰው ይመስል ነበር። የሚቀጥለውን ሳምንት እንዴት አድርጎ እንደሚያልፈው አሰብኩ። ልጅቷ ግንባር ላይ የሚያርፈውን መዳፍ አሰብኩ።

«ተገኝቷል» አልኩት። «ደውሏል። ነግሬዋለሁ፣ ይሁን ብሏል።»

«ማዪልኝ» አለኝ።

ማልኩለት። ያን ቃል፣ በጋሞኛ፣ አንድም ሳልሳሳት። መምህሩ ሕፃን ልጅ እንደሚያለቅሰው አለቀሰ፣ ስሜን እየጠራ አመሰገነኝ፣ ነርሷ ደረሰች ብሎ ዘጋ። ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው የሙሽሮቹ ስም ፊቴ ላይ ቆሞ ትንሽ ተቀመጥኩ። ከዚያ ስልኩን አንሥቼ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ለምትኖረው፣ ከሁሉ አብልጬ ለምወዳት እናቴ ደወልኩ።

«ምነው በሥራ ሰዓት?» አለችኝ።

«ምንም፣ ደህና መሆንሽን ልጠይቅ ነው።»

«ደህና ነኝ» አለች። «ትንሽ ቁርጥማት አለኝ እንጂ።»